ሞተሩን ተዉትና አየሩን ተከተሉ

(ስለ ቤት ቫኪዩምና ስለ ምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ብልሽት የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

«ቫኪዩሜ አልስብ አለኝ፤ ሞተሩ ሳይቃጠል አይቀርም።» ይህን ያልሰማ ጠጋኝ የለም። ማሽኑ አልስብ ሲል የሁላችንም ሐሳብ ቀጥ ብሎ ሞተሩ ጋ ይሄዳል። ከዚያ ወይ አዲስ ማሽን ይገዛል፣ ወይ ካቻቪቴ ይነሳና ያለ ምክንያት ብሎን ሁሉ ይፈታል። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት በአንድ ነገር ነው። ሞተሩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ሞተሩ እየዞረ ማሽኑ አቧራ ካላነሳ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ደግሞ በእጅና በጆሮ መፈተሽ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሽኑን ከመክፈታችሁ፣ ብሩሹን ከመንካታችሁ፣ ቱቦ ውስጥ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም። ባትሪ ያለው ከሆነም ባትሪውን አውጡ። ይህን አንዴ ተናግሬ አልፋለሁ፤ እናንተ ግን በየጊዜው አድርጉት።

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። ብዙዎቻችን ቫኪዩም አቧራውን እንደ ማግኔት የሚጎትት ይመስለናል። የሚሠራው ሥራ ግን አየር ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ሞተሩ ላይ ማራገቢያ ተገጥሟል። ማራገቢያው በውስጥ ያለውን አየር በኋላ በኩል ሲያስወጣው የውስጡ ግፊት ይቀንሳል። ያኔ በክፍሉ ያለው አየር እየተጋፋ በአፉ ይገባል፤ አቧራውንም ይዞት ይመጣል። ስለዚህ መግቢያው ብቻ ሳይሆን መውጫውም መከፈት አለበት። የኋላው ማጣሪያ በአቧራ ከተደፈነ ፊት ለፊት ያለው አፍ ጉልበት አይኖረውም። ብዙ ሰው ከረጢቱን እየቀየረ፣ የፊቱን ማጣሪያ እያጠበ፣ የኋላውን ግን ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ከፍቶት አያውቅም።

ይህ አሠራር ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 በለንደን ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ማሽን በፈረስ የሚጎተት ትልቅ ጋሪ ነበር። ማሽኑ ውጭ ይቆማል፤ ቱቦዎቹ በመስኮት ወደ ቤት ይገባሉ። በ1908 ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር የተባለ የጽዳት ሠራተኛ ለእጅ የሚመች ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። ስፓንግለር አስም ነበረበት፤ በሥራ ላይ የሚነሳው አቧራ ያስቸግረው ነበር። የመጀመሪያውን ማሽን የሠራው ከማራገቢያ ሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ ነው። መብቱን በኋላ ቫኪዩም አምራች ለሆነው ለሁቨር ቤተሰብ ሸጠ። ዛሬ እቤታችሁ ያለውን ብትከፍቱት የምታገኙት ይህንኑ ነው፤ አፍ፣ ቱቦ፣ አቧራ የሚይዝ ነገር፣ ማራገቢያ፣ መውጫ። ፕላስቲኩ አምሯል፤ መብራቶች ተጨምረዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከጌጡ ይልቅ ማጣሪያው በቀላሉ ቢወጣ ይሻል ነበር።

ወደ ጆሯችሁ ልምጣ። ማሽኑን አብሩና የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ድፈኑት። ድምፁ ወዲያው ቀጥኖ ሽቅብ ይወጣል። ይህን የሰማ ሰው «ሞተሩ ተጨነቀ» ይላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አየር ሲቋረጥ ማራገቢያው የሚገፋው ነገር ያጣል፤ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ስለዚህ ከበፊቱ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ድምፁ የሚቀጥነው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ማሽኑ ራሱ ይነግራችኋል። ምንም ሳትደፍኑት ከወትሮው ቀጭን ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ አንድ ቦታ ታፍኗል። ድምፁ እንደ ወትሮው ሆኖ አፉ ላይ ጉልበት ከሌለው ደግሞ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ በደንብ ያልተዘጋ ክዳን፣ ከቦታው የወጣ የጎማ ማሸጊያ ፈልጉ። ድምፁ ወፍሮ፣ ደክሞ፣ እያጓራ ከመጣ ብቻ ነው ሞተሩን ማየት የሚያስፈልገው።

ቀጥሎ የመዳፍ ምርመራ ነው። ቱቦውን ከማሽኑ ንቀሉ። ማሽኑን አብሩና ቱቦው ይሰካበት የነበረውን ቀዳዳ በመዳፋችሁ ዝጉ። አጥብቆ ከያዛችሁ የማሽኑ አካል ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲህ፣ ቱቦው ወይም ዘንጉ (ቱቦውንና ጭንቅላቱን የሚያገናኘው ጠንካራ ቧንቧ) ወይም ወለል የሚነካው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካልያዛችሁ ግን ቱቦውን እርሱት፤ ከረጢቱን፣ ማጣሪያዎቹንና ክዳኑን ተመልከቱ። የማሽኑ አካል ካለፈ ቱቦውን መልሳችሁ ስኩና የቱቦውን ጫፍ ዝጉ። ከዚያ ዘንጉን ጨምሩ፤ እንደገና ዝጉ። ጉልበቱ የጠፋው የትኛውን ስትጨምሩ እንደሆነ ታያላችሁ። ጥፋተኛው እሱ ነው። ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ነገር ነው፤ ግን ስንት ሰው ይህን ሳያደርግ ሞተር ያስቀይራል!

ቱቦ ውስጥ የሚቀረቀረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ታሪክ አለው። የጥርስ እንጨት ወይም የፀጉር ማስያዣ ይገባና ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ አግድም ይቆማል። ከዚያ ፀጉር ይጠመጠምበታል፤ ፀጉሩ ላይ አቧራ ይከመራል። ስለዚህ ፍለጋችሁን ከመታጠፊያዎቹ ጀምሩ። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ትንሽ ኳስ ወይም ሳንቲም ጣሉበት፤ በሌላው ጫፍ ካልወጣ ተገኘ። ለማውጣት ጫፉ ድቡልቡል የሆነ እንጨት ተጠቀሙ። ሹል ሽቦ አትክተቱ፤ ቱቦውን ትበሱትና ሌላ ብልሽት ትፈጥራላችሁ።

የተቀደደ ቱቦ ደግሞ በጎኑ እንደተቀደደ ስትሮ ነው፤ የፈለገውን ያህል ብትስቡ የሚመጣው አየር ብቻ ነው። ቱቦ በብዛት የሚቀደደው በጫፎቹ አካባቢ፣ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀዳዳውን በፕላስተር መጠቅለል ለጊዜው ይሠራል፤ ቱቦው ሲታጠፍ ሲዘረጋ ግን ይለቃል። በብዙ ማሽኖች ላይ የጫፉ ፕላስቲክ እንደ ብሎን ተሽከርክሮ የሚወጣ ነው። የተቀደደውን ጫፍ በቢላ ቆርጣችሁ ጥላችሁ ፕላስቲኩን መልሳችሁ ማሠር ትችላላችሁ። ቱቦው ትንሽ ያጥራል እንጂ አዲስ ይሆናል። ግን ልብ በሉ። አንዳንድ ቱቦ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ላለው ብሩሽ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ሽቦ ያልፋል። እንዲህ ያለውን መቁረጥ አይቻልም።

ማጣሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአብዛኛው ብልሽት ምንጭ እዚህ ነውና። ከረጢት ያለው ማሽን ካላችሁ ከረጢቱ «ገና ግማሽ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። አየሩ የሚያልፈው በከረጢቱ ግድግዳ ቀዳዳዎች ነው። ደቃቅ ዱቄት እነዚህን ቀዳዳዎች ከደፈናቸው ከረጢቱ ሩብ እንኳን ሳይሞላ ሥራውን ጨርሷል። የጂፕሰምና የሲሚንቶ አቧራ፣ አመድ፣ ምንጣፍ ላይ የሚነሰነስ የሽታ ማጥፊያ ዱቄት ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው። ቤት ሲታደስ የሚወጣውን አቧራ በቤት ቫኪዩም ማንሳት ማጣሪያውን መግደል ነው። አመድ ከዚህም ይብሳል። የጠፋ የሚመስል ፍም ከረጢቱ ውስጥ ነፋስ ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል።

ያለ ከረጢት የሚሠራ፣ አቧራውን በማሽከርከር የሚለይ ማሽን ካላችሁስ? የእንግሊዙ ፈጣሪ ጄምስ ዳይሰን ይህን አሠራር ለቤት ማሽን ለማብቃት 5,127 የሙከራ ማሽኖችን እንደሠራ ይታወቃል። ጎበዝ አሠራር ነው። ትልቁን አቧራ ከአየሩ ለይቶ ዕቃው ውስጥ ይጥለዋል። በጣም ደቃቁ ግን ያመልጣል፤ ስለዚህ እነዚህም ማሽኖች ማጣሪያ አላቸው። «ከረጢት የለውም» ሲባል «ማጣሪያ የለውም» ብሎ የሚረዳ ሰው ብዙ ነው። ማጣሪያው አንዳንዴ እጀታው ሥር፣ አንዳንዴ በመንኮራኩር ፈንታ የተገጠመው ኳስ ውስጥ፣ አንዳንዴ ክዳኑ ላይ ተደብቋል። የማሽኑን መመሪያ አውጡና ስንት ማጣሪያ እንዳለው ቁጠሩ።

የስፖንጅ ማጣሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ጨምቃችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቢያንስ 24 ሰዓት ተዉት። «ሊደርቅ ምንም አልቀረው» ተብሎ እርጥቡ መመለስ የለበትም። እርጥብ ስፖንጅ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል፤ ይሸታል፤ እርጥበቱም ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት፣ ምድጃ ውስጥም አትክተቱት። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሁለተኛ ማጣሪያ ይግዛና እያቀያየረ ይጠቀም። የታጠፈ ወረቀት የሚመስለው ማጣሪያ ግን ሌላ ነው። «ይታጠባል» የሚል ምልክት ከሌለው ውሃ አታስነኩት። ሄፓ የሚባለው፣ በጣም ደቃቁን አቧራ የሚይዘው ማጣሪያ በአሜሪካ ደረጃ መሠረት 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስፋት ካላቸው ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት። ያንን የሚያደርገው በጣም በተጠላለፉ ቀጫጭን ክሮች ነው። በውሃና በሳሙና ስትፈትጉት ክሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ ከላይ ንጹሕ ይመስላል፣ ሥራው ግን አልቋል።

ብሩሹ ጋ እንሂድ። ጭንቅላቱን ገልብጡ። የሚሽከረከረው ብሩሽ በፀጉርና በክር ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በመቀስ በብሩሹ ርዝመት ቆርጣችሁ ጎትቱ። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ አታቁሙ። ብሩሹን ከቦታው አውጡና ሁለቱን ጫፎች ተመልከቱ። ፀጉር ብሩሹን በሚሸከመው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሞ ይሆናል። ጫፎቹን በእጃችሁ አዙሯቸው። ያለ ችግር ከዞሩ ጥሩ። ከተንቋቁ ወይም ከያዙ ኩሽኔታው ይቀየራል። ያዝ ያደረገ ብሩሽ በጎማ ቀበቶው ላይ ሸክም ይሆናል። ሞተሩ ይዞራል፤ ብሩሹ ቆሟል፤ በመሃል ጎማው ይፈተጋል። የሚሸተው የተቃጠለ ጎማ ከዚህ ነው። ይህን ሽታ ሰምቶ «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ ማሽኑን የሚጥል ሰው አለ። የሞተር ሽታ የተለየ ነው። ጎማ ጎማ አይልም፤ የሚቃጠል ቀለምና ኤሌክትሪክ ይሸታል፤ አፍንጫ ውስጥም ይቆያል።

ቀበቶው፣ መካኒኮች ቺንጊያ የሚሉት፣ ሁለት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋው ይለጠጣል። ሳይበጠስም ሊያረጅ ይችላል፤ ይላላና ብሩሹ አየር ላይ ሲዞር ምንጣፍ ሲነካ ይቆማል። ስለዚህ አለመበጠሱን ብቻ አይታችሁ አትለፉት። ከአዲስ ቀበቶ ጋር አስተያዩት፤ ረዝሞ ካገኛችሁት ቀይሩ። ጥርስ ያለው ቀበቶ አይለጠጥም፤ ጥርሱ ግን ይበላል ወይም ይሸረፋል። ሲገጠም በመሃል መቆሙን በእጅ እያዞራችሁ አረጋግጡ። አዲስ ቀበቶ ገጥማችሁ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስባችሁ ከሆነ ቀበቶውን አትውቀሱ፤ ወይ ብሩሹ ያዝ አድርጓል፣ ወይ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ጭንቅላቱን ከሚገባው በላይ ዝቅ አድርጋችሁ እየሠራችሁ ነው።

የብሩሹ ጸጉር ማለቁን ለማወቅ ቀጥ ያለ ካርቶን የጭንቅላቱ አፍ ላይ በአግድም አድርጉ። ብሩሹን በእጅ ስታዞሩት ጸጉሩ ካርቶኑን መንካት አለበት። ካልነካው ምንጣፉንም አይነካውም።

ማሽኑ ሠርቶ ሠርቶ በድንገት ጸጥ ሲልስ? እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ማሽን ይጣላል። በአብዛኛው ደረቅ ቫኪዩም ውስጥ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚስበው አየር ነው። መንገዱ ሲታፈን ማቀዝቀዣው አብሮ ይቋረጣል። ሞተሩ ይግላል፤ ሙቀት ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ አለው፤ ያ ይቆርጠዋል። ስፒናውን ንቀሉና አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። በመሃሉ ማጣሪያውንና ቱቦውን ፈትሹ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይቆማል። በአንዳንድ ማሽን ግን መከላከያው አንዴ ከተቆረጠ የማይመለስ ነው፤ በራሱ ዓይነት ይተካል። እሱን አውጥቶ በሽቦ ማገናኘት የሚባል «ዘዴ» አለ። አደራ፣ እንዳታደርጉት። ያ ቁራጭ እዚያ የተቀመጠው ቤት እንዳይቃጠል ነው።

ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ሁሉም ነገር ሞት አይደለም። ገመድ ያለው የቤት ቫኪዩም ሞተር በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ሁለት የካርቦን ቁራጮች ናቸው። ከሚዞረው መዳብ ጋር እየተፋተጉ ቀስ በቀስ ያልቃሉ፤ ሊያልቁ የተሠሩ ናቸው። ማሽኑ ሲነካ የሚሠራ፣ ሲተዉት የሚቆም ከሆነ፣ ወይም በአየር ቀዳዳው ብዙ ብልጭታ ከታየ ካርቦኑን አውጥታችሁ እዩ። ካጠረ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ መዳቡ ላይ ሲሞረድ ይቀንሳል። ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው። መዳቡን ዙሪያውን የሚከብ የእሳት ቀለበት ካያችሁ ግን አጥፉት፤ የሚዞረው ክፍል ራሱ ተጎድቷል። እየጮኸ የሚያፏጭ፣ ሲጠፋ ደግሞ እየተንቋቋ የሚቆም ሞተር የኩሽኔታ ችግር አለበት። ኩሽኔታ መቀየር ይቻላል፤ ማራገቢያውን ሳይጎዱ ማውጣት ግን ልምድ ይጠይቃል።

ጭራሹን የማይነሳ ማሽን ላይ የምትጀምሩት ከገመዱ ነው። ሶኬቱ መሥራቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። ስፒናው ውስጥ ፊውዝ ካለ እዩት። ገመድ የሚበጠሰው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ስፒናው ሥርና ወደ ማሽኑ በሚገባበት ቦታ። ስፒናውን ነቅላችሁ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፤ እየለካችሁም እነዚህን ሁለት ቦታዎች አጣጥፉ። ንባቡ ከተቆራረጠ ተገኘ። ራሱን የሚጠቀልል ገመድ ላይ ቢጫና ቀይ ምልክት አለ። ቢጫው «ሊያልቅ ነው» ሲል ቀዩ «ከዚህ በላይ እንዳትጎትት» ይላል። ቀዩን አልፎ የተጎተተ ገመድ ውስጡ ካለው መያዣ ይነቀላል። የተላጠ ገመድ ይቀየራል፤ በፕላስተር አይጠቀለልም።

አሁን የምንጣፍ ማጠቢያው። ይህ ማሽን የአየር መንገድ ብቻ ሳይሆን የውሃም መንገድ አለው። ንጹሕ ውሃ ከአንድ ማጠራቀሚያ በፓምፕ ይወጣና ምንጣፉ ላይ ይረጫል። ከዚያ ማሽኑ ቆሻሻውን ውሃ ስቦ ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ የማይረጭ ነው ወይስ የማይመልስ? ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም።

የማይረጭ ከሆነ ማጠራቀሚያውን አውጥታችሁ በደንብ መልሱት። ሥሩ ላይ ሲጫኑት የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ማጠራቀሚያው ካልተቀመጠ አይከፈትም። እዚያው ጋ ያለችውን ጥቃቅን ወንፊት እጠቡ። ቀጥሎ አድምጡ። ማስረጫውን ስትጫኑ ፓምፑ ድምፅ ያሰማል? ድምፅ እያለ ውሃ ከሌለ አንዱ ምክንያት አየር መግባቱ ነው። ማጠራቀሚያው ባዶ እያለ ከሠራ ፓምፑ ውስጥ አየር ይቀመጣል፤ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ የእጅ ቱቦ ካለው ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙትና ማስረጫውን ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ቆዩ። ሌላው ምክንያት የመርጫው ቀዳዳ በኖራ መደፈኑ ነው። ውሃው ወደ አንድ ጎን ብቻ ከተረጨ ይህ ነው። መርጫውን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃና አቼቶ ዘፍዝፉ፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀሪውን ይጨርሰዋል። መርፌ አትክተቱ፤ ቀዳዳው ከሰፋ የርጭቱ ቅርጽ ይበላሻል። ፓምፑ ድምፅም ውሃም ከሌለው ደግሞ ፓምፑ ወይም መቆጣጠሪያው ነው። በአንዳንድ ማሽን ፓምፑን የሚያዞረው ከብሩሹ ጋር አብሮ ቀበቶ ነው፤ ብሩሹም ርጭቱም አብረው ከቆሙ ቀበቶውን አስቡ።

የማይመልሰው ማሽን ላይ ዋናው ጥፋተኛ አረፋ ነው። ሰዎች መደበኛው ሳሙና ሲያልቅ የልብስ ዱቄት ሳሙና ወይም የዕቃ ማጠቢያ ይጨምራሉ። እነዚህ የተሠሩት አረፋ እንዲያበዙ ነው፤ የምንጣፍ ማጠቢያ ሳሙና ግን አረፋው ትንሽ እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል። ቆሻሻው ማጠራቀሚያ ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ ወይም ክዳን አለ። ውሃው ሲሞላ ተነስቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ ውሃ ወደ ሞተር እንዳይሄድ። አረፋው ይህን ተንሳፋፊ ያነሳዋል፤ ማጠራቀሚያው ባዶ እያለ ማሽኑ «ሞልቻለሁ» ብሎ ይዘጋል። ድምፁ ይቀጥናል፤ ምንጣፉ ረጥቦ ይቀራል። ማሽኑን አጥፉ፣ ቆሻሻውን ውሃ ድፉ፣ ተንሳፋፊው በነጻነት መውጣት መውረዱን በእጃችሁ እዩ። ባዶው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትንሽ አቼቶ ማስቀመጥ አረፋውን ያረግበዋል። ምንጣፉ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ሳሙና ለማውጣት ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ ደግማችሁ እጠቡት። የቀረ ሳሙና ቆሻሻ ይይዛል፤ «ታጥቦ ቶሎ ቆሸሸ» የሚባለው ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ያልተለቀለቀ ነው።

አረፋ ከሌለ የክዳኑን የጎማ ማሸጊያ እዩ። ከቦታው ትንሽ ከወጣ አየር ይገባል። ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ግልጽ ፕላስቲክ ንቀሉ፤ እርጥብ ፀጉርና ክር እዚያ ይጋገራል። ምንጣፉን መጀመሪያ በደረቅ ቫኪዩም ሳይጠርጉ በውሃ መጀመር የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

ውሃው ሙቅ ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን። የፈላ ውሃ ማጠራቀሚያውን ያጣምማል፣ ማሸጊያዎችን ያላላል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ሁለቱንም ማጠራቀሚያ ባዶ አድርጉ፤ ክዳናቸውን ከፍታችሁ አድርቁ። ፓምፑና ቱቦው ውስጥ የቀረውንም ውሃ ርጩና አስወጡ። ውሃ በሚቀዘቅዝበት ቦታ የተቀመጠ ማሽን ፓምፑ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ይሰነጥቀዋል። በኋላ «ለምን ሥሩ ያንጠባጥባል?» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ባትሪ ቫኪዩም በአጭሩ። አንዴ እየሠራ አንዴ እየቆመ የሚተነፍስ ከመሰለ ባትሪውን ከመግዛታችሁ በፊት ማጣሪያና ቱቦ እዩ፤ ብዙዎቹ ሲታፈኑ ራሳቸውን እንዲህ ይከላከላሉ። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሠራ ያኔ ባትሪው አርጅቷል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበሳም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም።

ጥያቄዎች ተነስተዋል፤ ጥቂቶቹን እመልሳለሁ።

አንዲት እህት «ዋቱ ከፍ ያለው የተሻለ ይስባል?» ብለዋል። ዋት የሚነግራችሁ ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚሠራውን ሥራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ የሆኑ የቤት ቫኪዩሞች ወደ ገበያው እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ደግሞ ጣሪያውን ወደ 900 ዋት አወረደው። አምራቾች ማራገቢያውንና የአየሩን መንገድ አሻሽለው በዚያው አነስተኛ ዋት ምንጣፍ ማጽዳት ቻሉ። ማጣሪያው የተደፈነ 2,000 ዋት ማሽን ከንጹሕ 800 ዋት ማሽን ጋር አይወዳደርም።

«ሞተር ስንት ጊዜ ይኖራል?» ያሉት ጋሼ፣ በዚያው የ2017 ደንብ ውስጥ መልስ አለ። ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት፣ ቱቦውም 40,000 ጊዜ ታጥፎ አገልግሎት መስጠት አለበት ይላል። በሳምንት 1 ሰዓት ብትጠቀሙ 500 ሰዓት ማለት ወደ 10 ዓመት ገደማ ነው። በ2ኛ ዓመቱ «ሞተሩ ሞተ» ሲባል የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

«ደረቁ ቫኪዩም በስህተት ውሃ ሳበ፤ ምን ላድርግ?» ስፒናውን መንቀል። ማብራት የለም፣ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ ልይ» የለም። ከረጢቱን ጣሉ፣ ማጣሪያዎቹን አውጡ፣ ቱቦውን አንጠልጥሉት። አካሉን ከፍታችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለቀናት አድርቁት። ከዚያ በኋላም ቢሆን ገመዱና ሞተሩ በቴስተር ሳይታይ አትሰኩት። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ እየዞረ ከነበረ የሚያውቅ ሰው ይየው።

የመጨረሻው ጥያቄ «መቼ ነው የሚጣለው?» የሚል ነው። የማሽኑ አካል ማራገቢያው በሚቀመጥበት ቦታ ከተሰነጠቀ፣ የሚዞረው የሞተር ክፍል ከተቃጠለና የሞተሩ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ግማሽ ካለፈ፣ ወይም ማጣሪያው ከገበያ ከጠፋ እኔ አልጠግነውም። ግን ከመጣላችሁ በፊት ቱቦውን፣ ዘንጉን፣ ኩሽኔታው ጥሩ የሆነ ብሩሹንና የጎማ ማሸጊያዎቹን አውጥታችሁ አስቀምጡ። በላያቸው ላይም የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ጻፉባቸው፤ ያለ ቁጥር ለየትኛው እንደሚገጥሙ ማንም አያውቅም።